አዝመራውና የዳማ ከባድ ማርሽ

እንጅባራ ውስጥ ፈሪ ሰው አሳዩን ብትሉ፣ ማንም ጣቱን ቀስሮ ወደ ጎረቤቴ ወደ አዝመራው ይጠቁማችኋል። እሱ ራሱ ቢጠየቅም ወደ ራሱ ይጠቁማል። ወደ ጫግኒ በሚወስደው መንገድ ዳር እኔ ጎማ እጠግናለሁ፣ እሱ ከአጠገቤ መኪና ይሠራል። ይህን ሁሉ ዘመን ጎን ለጎን ስንኖር አንድም ቀን ሳያማትብ መኪና ሥር ሲገባ አላየሁትም። መኪናውን የሚያነሳበትን ክሪክ አያምንም፣ በድንጋይ ይደግፋል። ድንጋዩን አያምንም፣ ግንድ ይጨምራል። ግንዱንም ስለማያምን እኔን ይጠራኛል። «ምስጋናው፣ እስኪ ናና አጠገቤ ቁም» ይለኛል። ብቆም ምን ላደርግለት ነው? ያ ሁሉ ብረት ቢወርድበት በእጄ ልይዝለት? ግን እሄዳለሁ፣ እስኪወጣ ድረስም እቆማለሁ።

ስቀልድበት አይቀየምም። ደንበኛ የሚያመጣለትም ያው ፍርሃቱ ነው። ሌላው መካኒክ ሥራ ጨርሶ ሁለት ብሎን ቢተርፈው ኪሱ ከትቶ ዝም ይላል፤ አዝመራው ግን አንድ ብሎን መሬት ላይ ካየ መኪናውን እንደገና ይፈታል። በተለይ ዲፈረንሻል በሚሉት፣ በኋላ ጎማዎች መካከል ባለው ድስት መሳይ ብረት፣ እንደሱ የሚያምኑት ሰው በአካባቢው የለም። ከዳንግላም ከአዲስ ቅዳምም ይመጡለታል።

የሚፈራው ነገር ብዙ ነው፤ ከሁሉ የሚብሰው ግን ቁልቁለት ነው። አባቱ ዘንገና አጠገብ ፈረስ የሚያረቡ ሰው ነበሩ። ልጃቸውን ፈረስ ሲያስመርጡ አስቀድሞ የኋላ እግሩን እንዲያይ ያዙት ነበር። ዳገት ላይ ሁሉም ፈረስ ይፍጨረጨራል፤ ቁልቁለት ላይ በኋላ እግሩ የማይዝ ፈረስ ግን ሰው ይገድላል ይሉት ነበር። አዝመራው ፈረሱን ትቶ ብረት ቢይዝም ይቺ ነገር ከጆሮው አልወጣችም። ከእንጅባራ ወደ ጫግኒ የሚወርደው መንገድ ደግሞ ከደጋው ወደ ቆላው እየተጠማዘዘ የሚወርድ ነው። ፍሬናቸው ተቃጥሎ የተገለበጡት መኪኖች ተጎትተው የሚመጡት እሱ በር ላይ ነው። መሪው ላይ የደረቀውን ደም አጥቦ የሚያወጣውም እሱ ነው። ፈሪ ብዬ ብስቅበትም፣ እኔ የማየው ጎማውን ብቻ፣ እሱ የሚያየው ውስጡን መሆኑን እረሳለሁ።

አንድ ልጅ አለችው፣ ፋና። ጫግኒ አስተማሪ ሆና ስትመደብ ሊያደርሳት አንዴ ወርዶ ነበር። ዓይኑን ጨፍኖ ወረደ፣ ዓይኑን ጨፍኖ ወጣ፣ ከዚያ ወዲያ እግሩን አላነሳም። እሷ ናት ቅዳሜ ቅዳሜ የምትመጣው። የሚያመጣት ባሏ ደጉ ነው።

ደጉ ሹፌር ነው። አሮጌ ኮሮላ አለችው፤ ቀለሟ ወደ ቀይ ስለሚያደላ አዝመራው በፈረስ አጠራር «ዳማ» አላት፣ ስሙም ጸናላት። ደጉ የዳማን ሞተር አውጥቶ ከተገለበጠ ሚኒባስ የተፈታ ጉልበተኛ ሞተር ገጠመላት። ፍጥነት ወዳድ ጎረምሳ ነው ካላችሁ ተሳስታችኋል። ደጉም ፈሪ ነው። አማቱ ቁልቁለት ይፈራል፣ እሱ ሜዳ ይፈራል።

ዘመኑን ታውቁታላችሁ። መንገዱ ዛሬ ይከፈታል፣ ነገ ይዘጋል። ጀምበር ከጠለቀች በኋላ መንገድ ላይ የተገኘ ሰው ማን እጅ እንደሚወድቅ አያውቅም። አንድ ቀን ደጉ ከባሕር ዳር ሰዎች ጭኖ ሲመለስ፣ ዳንግላ ለመድረስ ጥቂት ሲቀረው፣ ቀኑን ሙሉ ከኋላ ሲጮህ የዋለው የዳማ ዲፈረንሻል ተሰባበረ። ጥርሱ ረግፎ መኪናዋ ቀጥ አለች። ቀኑም እየመሸ ነበር። ጠመንጃ የያዙ ሰዎች ከጫካው ወጥተው መጡ። ማን እንደሆኑ አልተናገሩም፣ የሚጠይቃቸውም አልነበረም። የተሳፋሪዎቹን ፊት አንድ በአንድ አዩ፣ ዳማን አዩ፣ ተመለሱና ሄዱ። ለምን እንደሄዱ ደጉ እስከ ዛሬ አይገባውም። በማግስቱ በገመድ ተጎትቶ አዝመራው በር ሲደርስ ከንፈሩ ደርቆ ተሰነጣጥቆ ነበር። ሻይ ብሰጠው ትኩሱን ባንድ ትንፋሽ ጨለጠው።

አዝመራው ከወዳደቁ መኪኖች የፈታቸው ሁለት ዲፈረንሻሎች ነበሩት። ከውጭ ሲታዩ መንትያ ናቸው። ውስጣቸው ግን ኮሮና የሚባል ትልቅ ጥርሳም ብረትና ፒኞን የሚባል ትንሽ ጥርሳም ብረት አለ፤ ልዩነቱ የጥርሶቹ ቁጥር ላይ ነው። አዝመራው ሁለቱን መሬት ላይ አስቀምጦ በጠመኔ ምልክት አደረገባቸውና በእጁ አዞራቸው። በአንደኛው ጎማው አንዴ እስኪዞር ከሞተር የሚመጣው ዘንግ ሦስት ተኩል ያህል ይዞራል፣ በሁለተኛው ከአራት ያልፋል። የመጀመሪያው ፈጣኑ ነው። ሜዳ ላይ ሞተሩ ሳይደክም መኪናው ይበራል፤ ቁልቁለት ላይ ግን ነዳጁን ስትለቅለት አይዝም፣ ይንሸራተታል። ሁለተኛው ከባዱ ነው። ዳገት ይወጣል፣ ቁልቁለት ላይ ሞተሩ ራሱ ጎማውን አንቆ ይይዘዋል፤ ሜዳ ላይ ግን ይጮሃል እንጂ ብዙ አይሄድም። አንዱ ይሮጣል፣ አንዱ ይይዛል። ሁለቱንም የሚያደርግ ከሰው እጅ ገና አልወጣም።

አዝመራው ከባዱ ይግባ አለ። ደጉ ፈጣኑ አለ። ግማሽ ቀን ተከራከሩ። አዝመራው የተገለበጡትን መኪኖች በስም እየጠራ ቆጠረ፤ ደጉ አንገቱን አቀርቅሮ አዳመጠው። ደጉ አማቱን የሚያከብር ልጅ ነው፣ ድምፁን ከፍ አላደረገም። በመጨረሻ ግን እንዲህ አለ፦

«ጋሼ፣ እርስዎ ገደል ይፈራሉ። ገደል ቦታው ይታወቃል። እኔ የምፈራው የት ቆሞ እንደሚጠብቀኝ አላውቅም።»

አዝመራው እሺ፣ ፈጣኑ ይግባ አለ። ደጉ አመስግኖ ወደ ከተማ ወጣ። ከዚያ አዝመራው የጋራዡን በር ዘግቶ ሥራ ጀመረ። በሩን ዘግቶ ግሪስ የሚቀባ መካኒክ አይቼ ስለማላውቅ ትንሽ ገረመኝ፤ ቢሆንም ብርድ ነው ብዬ ተውኩት። አጠገቤ ቁም ብሎም አልጠራኝም።

እኔ ያወቅሁት በኋላ ነው፣ እናንተ ግን አሁኑኑ እወቁት። ያስገባው ከባዱን ነው።

የማይታወቅበት ምክንያት ደግሞ ይህ ነው። የፍጥነቱን ልክ የምታሳየው መርፌ የምትቆጥረው ከማርሽ ሳጥኑ ነው፤ ከኋላ ምን እንደተቀየረ አታውቅም። ከባዱ ሲገባ መርፌዋ ካለው ፍጥነት አስበልጣ ታሳያለች። ደጉ በማግስቱ አዲስ ቅዳም ድረስ ሜዳውን ነድቶ ሲመለስ ፊቱ በርቶ ነበር። መርፌዋ እንዴት እንደምትወነጨፍ በእጁ እያሳየ አወራን። ሞተሩ ይጮሃል እንጂ ፈጣኑስ ፈጣን ነው አለ። አዝመራው የጉልበተኛ ሞተር ጠባዩ ነው አለው። እኔም ራሴን ነቀነቅሁ። ጠርጥር፣ ከገንፎም አይጠፋም ስንጥር የሚለውን ያን ቀን ማን ያስታውሰኝ?

የባሰው ግን ሌላው ነው። አዝመራው ፈጣኑን አስገብቻለሁ ካለ፣ ፈጣኑን ያስገባ መካኒክ የሚሰጠውን ምክር መስጠት ግድ ሆነበት። ቁልቁለት ላይ ማርሹ አይዝህም፣ ሞተሩም ድምፁ አይሰማም፣ አደራህን እግርህን ከፍሬኑ አታርቅ አለው። ደጉ ቃል በቃል ያዘው።

ለጥቂት ቀናት ደጉ እዚሁ አማቶቹ ቤት አድሮ በእንጅባራና በዳንግላ መካከል ሠራ። ሰላም ሆነ። ውሸትና ስንቅ እያደር ይቀላል ይባላል። የአዝመራው ስንቅ ያለቀው ሰኞ ጠዋት ነው።

ሰኞ፣ ቅዳሜ በሚኒባስ የመጣችው ፋና ወደ ትምህርት ቤቷ የምትመለስበት ቀን ነው። ደጉ ሊያደርሳት ዳማን አስነሳ፤ ዲፈረንሻሉ ከተቀየረ ወዲህ ወደ ጫግኒ ሲወርድ የመጀመሪያው ነበር። አዝመራው ፋናን በእጁ ደግፎ ከፊት አስቀመጣት፣ ቀበቶዋን ራሱ አሰረላት፣ አጥብቆ ሳበው። ያን ቀን ፍርሃት ፊቱ ላይ አላየሁም። ልቡ የተማመነበትን ነገር እሱ ብቻ ያውቀው ነበር።

ከሄዱ በኋላ እኔ በር ላይ ተቀምጠን ሻይ ስንጠጣ ስልኩ ጮኸ። ደጉ ነው። አዝመራው እጁ ግሪስ ስለነበር ድምፁን ለቀቀው፣ ሁለታችንም ሰማን። ቁልቁለቱ አፋፍ ላይ የመጀመሪያውን ጥምዝ ወርዶ መኪናዋን አቁሟል። ነዳጁን ሲለቅ ከሥር በኃይል ይጮሃል። ያ የድሮው ከመሰባበሩ በፊት እንደጮኸው ነው። ፈጣኑ ቁልቁለት ላይ ድምፅ የለውም አላሉኝም ነበር ወይ ብሎ ጠየቀው።

ድምፁ ምን እንደሆነ አዝመራው ወዲያው አወቀ። ከባዱ ማርሽ ሞተሩን አንቆ ይዞት ነው የሚጮኸው። ሕመም አልነበረም፣ ጤና ነው። ያስገባሁት ከባዱን ነውና አትፍራ፣ በማርሽ ውረድ ብሎ ቢነግረው ነገሩ እዚያው ያልቅ ነበር። አፉ ሲከፈት አየሁት። ከንፈሩ ተንቀሳቀሰ። ከዚያ፦

«አዲስ ስለገባ ነው። ይለምዳል። ቀስ ብለህ ውረድ» አለው።

ደጉም «እንግዲያው እንዳይሰበርብኝ ማርሹን አውጥቼ እለቃታለሁ። ፍሬኑ ይበቃል» አለ። ከኋላው ፋና፣ «አባዬ፣ አትስጋ፣ ስንደርስ እደውላለሁ» ስትል ሰማናት፤ እየሳቀች ነበር። ስልኩ ተዘጋ።

አዝመራው ብርጭቆውን ጥሎ ስልኩን ያዘ። «አታውጣው!» ብሎ ጮኸ፣ የሚሰማው ግን አልነበረም። መልሶ ደወለ፤ ያቺ የቴሌዋ ሴትዮ ደንበኛውን ማግኘት አይችሉም አለችው። ደግሞ ደወለ። ያችኑ አለችው። ያ መንገድ ወረድ ሲል ኔትወርክ እንደሌለው ሁላችንም እናውቃለን።

አዝመራው ሲደነግጥ አማርኛ ይጠፋዋል። በአዊኛ መናገር ጀመረ፣ ፍጥን ፍጥን እያለ። እኔ የዳንግላ አማራ ነኝ፣ አዊኛዬ ከሰላምታ አያልፍም፤ የለየሁት የልጁን ስም ብቻ ነው። ምን ሆንክ ብለው አይመልስልኝም። ክንዱን ይዤ ሳንቀጠቅጠው ባጃጅ አስቁምልኝ አለኝ፣ ይህን በአማርኛ።

ቁልቁለት የማይወርደው ሰውዬ በባጃጅ ቁልቁለት ወረደ። ዓይኑን አልጨፈነም። ራሱን ወደ ውጭ አውጥቶ እያንዳንዱን ገደል አፋፍ በዓይኑ ይፈትሽ ነበር፤ የጎማ ፍቅታ፣ የተሰበረ ቁጥቋጦ፣ የሆነ ቀይ ነገር። የባጃጁ ልጅ ሰውዬው ሊወድቅብኝ ነው እያለ ወደ ኋላ ይዞራል፣ እኔ ወገቡን ይዤዋለሁ። በዚያ መሃል ነው እውነቱን በቁርጥራጭ የነገረኝ። ስሰማው በርሜል የሚያህል ስድብ አፌ ላይ መጥቶ ነበር፣ ፊቱን ሳየው ዋጥኩት።

«ስልኩ ላይ ለምን አልነገርከውም?» አልኩት።

«ከባዱን ያስወጣዋል ብዬ ፈራሁ» አለ። ቆየት ብሎ፣ «አፍሬም ነው» አለ።

ማርሽ የወጣለት መኪና ቁልቁለት ላይ የሚይዘው ፍሬን ብቻ ነው። ፍሬን ደግሞ ረጅም ቁልቁለት ላይ ይግላል፣ ይሸታል፣ ከዚያ እግርህ መሬት እስኪነካ ብትረግጠው መልስ አይሰጥም። ይህን ጎማ ጠጋኙ እኔም አውቀዋለሁ። አዝመራው ግን ከማወቅ አልፎ በየጥምዙ ያየው ነበር። አሁን ግሏል ይላል። ትንሽ ሄደን፣ አሁን ሸትቷል ይላል። ዝም በል ብለው አይሰማኝም። ከታች የመጣ ሚኒባስ አስቁመን ቀይ ኮሮላ አይተህ ይሆን አልነው። ሹፌሩ አንዲት ቀይ መኪና እንደ ንፋስ አልፋው እንደሄደች፣ የተቃጠለ የፍሬን ሽታም እንደሸተተው ነገረን። ከዚያ በኋላ አዝመራው መናገር አቆመ። እኔም የፈሩት ይደርሳል የሚሉት ይሄ ነው ብዬ ለልጅቷ በልቤ ማልቀስ ጀምሬ ነበር።

አንድ ጥምዝ እንዳለፍን ሰው ተሰብስቦ አየን። አየሩ ጥቁር ሆኗል፣ ጭስ ይመስላል። መኪና የሚጠብቁ ከሰል ነጋዴዎች የሞላ ማዳበሪያ መንገዱ ዳር ደራርበው ነበር። ደጉ ፍሬኑ ሲከዳው፣ የፊቱን ጥምዝ እንደማይዞረው ሲያውቅ፣ ዳማን እዚያ ክምር ውስጥ ከተታት። አፍንጫዋ እስከ መስታወቱ ድረስ ተቀብሯል። ማዳበሪያው ፈንድቶ ከሰሉ መንገዱን ሞልቶታል። ከክምሩ ወዲያ ያለው ገደል ነው።

አዝመራው ባጃጁ ሳይቆም ዘለለ። መንገዱ ዳር ፊቷ በከሰል የጠቆረ ሴት ክንዷን አቅፋ ተቀምጣለች። አላወቃትም። አልፏት ወደ መኪናዋ ሮጠ፣ በሩን ከፈተ፣ ባዶውን ወንበር ሲያይ ከጉሮሮው የወጣውን ድምፅ ዳግመኛ መስማት አልፈልግም። «አባዬ» አለችው ከኋላው። ዞረ። ወደ እሷ የሄደው በእግሩ አልነበረም፣ በጉልበቱ ነው።

ክንዷ ተሰብሮ ነበር። ደጉ ግንባሩ ተፈንክቶ ደሙና ከሰሉ ተቀላቅሎበታል። ገና አማቱን ሲያይ እግሩ ላይ ወደቀ። ልጅዎን ልገድልብዎት ነበር፣ ማርሹን ያወጣሁት እኔ ነኝ፣ ጥፋቱ የኔ ነው እያለ አለቀሰ። ሰዉም ይቅር ይበሉት፣ ወጣት ነው ብሎ ለመነለት። እውነቱን ከአዝመራው ሌላ የማውቀው እኔ ብቻ ነበርኩ፤ እኔ ደግሞ አልናገርም። አዝመራው ዝም ቢል ነገሩ እዚያው ይቀር ነበር። እሱ ግን ደጉን ብድግ አደረገው።

«ውስጧ ያለው ከባዱ ነው» አለው።

ደጉ አልገባውም። ፊቱን በእጅጌው ጠረገና አየው።

«ፈጣኑን አላስገባሁም። ስፈራ ጊዜ ከባዱን አስገባሁ።»

«ታዲያ ያ ሲጮህ የነበረው…»

«ይዞህ ነበር፣ ልጄ።»

ደጉ ወደ ተቀበረችው ዳማ ዞሮ አየ። ይጮህበታል፣ ይሰድበዋል ብዬ ጠበቅሁ። ቢሰድበው ለአዝመራው ይቀለው ነበር። «ይህን ቢነግሩኝ በማርሽ እወርድ ነበር» አለ ዝግ ብሎ፤ ከዚያ ሚስቱን ሊያነሳ ሄደ።

የፋና ክንድ ጫግኒ ታሰረ፣ ዳነም። ደጉ ዳማን ለማሠራት ባሕር ዳር ወሰዳት። ከመሄዱ በፊት አዝመራው ጋራዥ ገብቶ፣ በትህትና፣ ያንን የቀረውን ፈጣኑን ዲፈረንሻል ልውሰደው ወይ ብሎ ጠየቀ። አዝመራው ውሰደው አለ፤ ሁለታችን አንስተን ጫንለት። እንግዲህ ባሕር ዳር የትኛው ገብቶ የትኛው እንደቀረ የሚያውቀው ደጉ ብቻ ነው።

አልተቀየመም። ለፋሲካ ከነሚስቱ መጣ፣ የአማቱን ጉልበት ስሞ እንኳን አደረሰዎ አለ፣ አብሮ በላ ጠጣ። ማክሰኞ ሊወርዱ ሲሉ አዝመራው በር ድረስ ሸኛቸው። እኔም ጎማዎቹን ነፋሁላቸው። አዝመራው በዳማ ዙሪያ ሁለት ጊዜ ዞረ። ከዚያ ልክ እንደ ልጅ እየፈራ ጠየቀው። የትኛው ነው ያለባት አለው።

«ከባዱ ነው፣ ጋሼ። ምንም አይስጉ» አለ ደጉ። ዓይኑን አልሰበረም። ፊቱ መልካም ነበር፣ ፈገግታም ነበረበት።

አዝመራው አመሰገነው፣ የፋናን ቀበቶ አሰረላት። ዳማ ወርዳ ከጥምዙ ስትሰወር መጥቶ አጠገቤ ተቀመጠ።

«ምስጋናው፣ እውነቱን ይመስልሃል?» አለኝ።

ምን ልበለው? አዎን ልለው አሰብኩ። ነገር ግን ፈጣኑን አስገባሁልህ ብሎ ደጉን ያረጋጋው ቀን የራሱም ፊት እንዲሁ መልካም ነበር፣ እኔም አጠገቡ ቆሜ አምኜዋለሁ። አላውቅም አልኩት። ስልኩን ጉልበቱ ላይ አስቀመጠና ፋና እስክትደውል ሁለታችንም ቁጭ ብለን ጠበቅን።